ልብን ሥራ ላይ ሳለ መመርመር፦ ስትረስ ኢኮ ምንድን ነው? ለማንስ ያስፈልጋል?



በዚህ ወር ዝግጅታችን የምንመለከተው በልብ ምርመራ ዙሪያ ብዙዎቻችንን ግራ የሚያጋባ አንድ ጉዳይ ነው። በመድኃኒት ቤት የምንሠራ ሰዎች «የልብ ምርመራ ተደርጎልኝ ምንም የለብህም ተብያለሁ፤ ዳገት ስወጣ ግን ደረቴን ጨምድዶ ይይዘኛል» የሚል አነጋገር ደጋግመን እንሰማለን። ከዚያም አንዱ «ጨጓራዬ ይሆናል» ብሎ የጨጓራ መድኃኒት ይገዛል፤ ሌላው «ብርድ ነው» ብሎ ዝንጅብል አፍልቶ ይጠጣል፤ አንዳንዷ እናት ደግሞ «እርጅና ነው» ብላ ነገሩን ትተወዋለች።

«ምንም የለብህም» የሚለው የምርመራ ውጤትና «ደረቴን ይይዘኛል» የሚለው የሕመምተኛው ቃል የሚጋጩ ይመስላሉ። ይሁን እንጂ ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ምርመራው የተደረገው ሰውየው አልጋ ላይ ተጋድሞ፣ ልቡም አርፎ ሳለ ነው። ሕመሙ ግን የሚመጣው ልቡ ሲሠራ ነው። ይህን ልዩነት ለይቶ ለማየት የተዘጋጀው ምርመራ በሐኪሞች ዘንድ ስትረስ ኢኮ ይባላል።

ያረፈ ልብና የሚሠራ ልብ

ለእኛ ለአርሲ ሰዎች ይህን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በበቆጂ ጎዳና ላይ የቆመን ወጣት አይተን ሯጭ ይሁን አይሁን ማወቅ አንችልም። ሲሮጥ ግን ወዲያው እናውቃለን። የበቆጂ ተወላጇ ፋጡማ ሮባ እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ኦሎምፒክ ማራቶንን በማሸነፍ ከአፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆናለች፤ ከዚያም ከ1997 እስከ 1999 የቦስተንን ማራቶን ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸንፋለች። የልቧ ብርታት የታየው ከ42 ኪሎ ሜትር በላይ ስትሮጥ ነው። የልብ ድካምም እንደዚሁ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚታየው ልብ ሥራ ሲበዛበት ነው።

የአንድ ጤነኛ አዋቂ ሰው ልብ በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል። ሰውየው በርትቶ ሲሮጥ ወይም ዳገት ሲወጣ ይህ መጠን ወደ 15 እና 20 ሊትር ያድጋል። በከፍተኛ ደረጃ የሚወዳደሩ ሯጮች ደግሞ ከ30 ሊትር በላይ ይደርሳሉ። እንግዲህ 5 ሊትር ለመርጨት የሚበቃ ልብ ሁሉ 15 ሊትር ለመርጨት ይበቃል ማለት አይደለም።

የልብ ጡንቻ ራሱ ደም የሚያገኘው ከላዩ ላይ በተዘረጉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ነው። እነዚህ ሥሮች በስብ ክምችት እየጠበቡ ሲሄዱ፣ ሥሩ በግማሽ ያህል ቢጠብም ያረፈ ሰው ምንም ላይሰማው ይችላል። በዕረፍት ጊዜ የሚያስፈልገው የደም መጠን መጉደል የሚጀምረው ሥሩ እጅግ ሲጠብ፣ ማለትም ከመቶ 85 እስከ 90 የሚሆነው ሲዘጋ ነው። በሥራ ጊዜ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ደም ግን ሥሩ ግማሽ ያህል ሲጠብ ጀምሮ መጉደል ይጀምራል። ውሃ በጀሪካን ለሚቀዳ ቤተሰብ ቀጭን የቧንቧ ውሃ ይበቃዋል። ሠርግ ሲመጣና መቶ እንግዳ ሲታደም ግን የቧንቧው ቅጥነት ይታወቃል።

በዕለት ተዕለት ኑሮ የሚታዩ ምልክቶች

ልባችን በየቀኑ በሥራ ይፈተናል፤ እኛ ግን ልብ አንለውም። ስለዚህ ከዚህ በታች የተዘረዘሩትን ምልክቶች ያየ ሰው ለሐኪም በግልጽ መናገር ይኖርበታል።

• በማለዳ ለፈጅር ሶላት ወደ መስጊድ ስትሄዱ፣ በተለይም በአሰላ የጠዋት ብርድ ዳገት ስትወጡ ደረትን የሚጨመድድ፣ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ስሜት፤ ሲቆሙም የሚተው። ብርድ የደም ሥርን ስለሚያጠብና የደም ግፊትን ስለሚጨምር ልብን ያስቸግራል።
• በሩኩዕ ወይም በሱጁድ ጊዜ ጎንበስ እንዳሉ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ የትንፋሽ ማጠር። ይህ የልብ ድካም ምልክት ሊሆን ይችላል።
• ከዚህ ቀደም ያለ ችግር የሚሄዱበትን መንገድ አሁን ሁለት ሦስት ጊዜ ቆመው እያረፉ መጨረስ።
• በሩጫ ወይም በከባድ ሥራ መካከል ራስን መሳት። ይህ በወጣት ላይ ቢከሰትም በፍጹም ችላ አይባልም።
• ሌሊት በትንፋሽ እጥረት መንቃት፣ ያለ ብዙ ትራስ መተኛት አለመቻል፣ የእግር ማበጥ።

ሴቶችና የስኳር ሕሙማን ላይ ምልክቱ የተለየ ሊሆን እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም። የደረት ሕመም ሳይኖር ድካም፣ ማላብ፣ ማቅለሽለሽ ወይም የትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊታይ ይችላል።

ለመሆኑ ስትረስ ኢኮ ምን ማለት ነው?

«ስትረስ» የሚለው ቃል በተለምዶ የሐሳብ ጭንቀት ማለት ስለሆነ አንዳንድ ሰዎች ምርመራው ከጭንቀት ጋር የተያያዘ ይመስላቸዋል። እዚህ ላይ ግን ትርጉሙ ልብ ላይ ሥራ መጫን ማለት ነው። «ኢኮ» ደግሞ የልብ አልትራሳውንድ ነው። በእርግዝና ጊዜ ጽንሱን ለማየት እንደሚደረገው ሁሉ፣ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደ ደረት ተልኮ ሲመለስ በማሽኑ መስኮት ላይ የልብን ምስል ይሠራል። ጨረር የለውም፤ አያምምም።

የዚህ መሣሪያ ታሪክ ከእኛ ሀገር የልብ ሕመም ጋር መገናኘቱ የሚገርም ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በስዊድን ሉንድ ከተማ ኢንገ ኤድለር የተባሉ ሐኪምና ሄልሙት ሄርትዝ የተባሉ የፊዚክስ ሊቅ፣ በመርከብ መሥሪያ የብረት ስንጥቅ ለመፈለግ ያገለግል የነበረውን ዓይነት መሣሪያ ተጠቅመው ለመጀመሪያ ጊዜ የልብን እንቅስቃሴ መዘገቡ። ሐኪሙ ከሁሉም በላይ ማየት የፈለጉት የግራ ልብ በር መጥበብን ነበር። ይህም ዛሬ በሀገራችን በወጣቶችና በእናቶች ላይ በብዛት የሚታየው የልብ ችግር ነው። ኢኮን ከእንቅስቃሴ ጋር አጣምሮ የልብ ደም ሥር ሕመምን መፈለግ ደግሞ በ1970ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ተጀመረ።

ምርመራው እንዴት ይደረጋል?

በመጀመሪያ ሰውየው በግራ ጎኑ ተጋድሞ የዕረፍት ኢኮ ይነሣል። ደረቱ ላይም የኢ.ሲ.ጂ ገመዶች ይለጠፋሉ፤ የደም ግፊቱም ይለካል። ከዚያ ልብ ላይ ሥራ ይጫናል። ይህም በሁለት መንገድ ይሆናል።

1ኛ. በእንቅስቃሴ፦ ሰውየው በመሮጫ ማሽን ላይ ይራመዳል ወይም የቆመ ብስክሌት ይነዳል። በብዛት በሚሠራበት አካሄድ የማሽኑ ፍጥነትና ዳገት በየ3 ደቂቃው ይጨምራል። መጀመሪያ ላይ ፍጥነቱ በሰዓት 2.7 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ይህም ከተራ እርምጃ ያነሰ ነው። ሰውየው ከማሽኑ እንደወረደ፣ ልቡ ወደ ዕረፍቱ ሳይመለስ፣ ከ60 እስከ 90 ሴኮንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ሁለተኛው ኢኮ ይነሣል።

2ኛ. በመድኃኒት፦ ጉልበቱን የሚያመው፣ እግሩ የተጎዳ ወይም መራመድ የማይችል ሰው ዶቡታሚን የተባለ መድኃኒት በደም ሥሩ ይሰጠዋል። መድኃኒቱ ልብን እንደሯጭ ልብ ያፈጥነዋል። በጥቂቱ ተጀምሮ በየ3 ደቂቃው ይጨመራል። የልብ ምቱ በበቂ ካልፈጠነ አትሮፒን ሊታከል ይችላል። ዶቡታሚን ከቆመ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ከሰውነት ይወጣል። በአንዳንድ ቦታዎች ደግሞ የልብን ደም ሥሮች የሚያሰፋው ዲፒሪዳሞል አገልግሎት ላይ ይውላል።

ልብ ምን ያህል መፍጠን አለበት? በተለምዶ 220 ላይ ዕድሜን ቀንሶ ከሚገኘው ቁጥር 85 ከመቶው ነው። ለምሳሌ ዕድሜው 60 የሆነ ሰው 220 ሲቀነስ 60፣ 160 ይሆናል። የዚህ 85 ከመቶ 136 ነው። ስለዚህ ልቡ በደቂቃ 136 ያህል እስኪመታ ይሠራል። ከዚያ በፊት ሕመም፣ ማዞር ወይም አደገኛ የልብ ምት ከታየ ምርመራው ወዲያው ይቆማል።

ሐኪሙ በመጨረሻ ከሥራ በፊትና በኋላ የተነሡትን ምስሎች ጎን ለጎን አድርጎ ያስተያያል። የግራውን የልብ ክፍል በ16 ወይም በ17 ቦታ ከፍሎ እያንዳንዱ ቦታ እንዴት እንደሚወፍርና እንደሚንቀሳቀስ ይመለከታል።

በየሕመሙ ዓይነት ምን ይታያል?

ስትረስ ኢኮ ለአንድ ዓይነት የልብ ሕመም ብቻ የሚሠራ አይደለም። የሚፈለገው ነገር እንደ ሕመሙ ይለያያል።

1. የልብ ደም ሥር መጥበብ፦ ደም ሲያጥር በልብ ጡንቻ ላይ የሚደርሰው ለውጥ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ጡንቻው በሚገባ መላላት ያቅተዋል። ቀጥሎ የዚያ ቦታ እንቅስቃሴ ይዳከማል። ከዚያ በኋላ ነው በኢ.ሲ.ጂ ላይ ለውጥ የሚታየው። የደረት ሕመም የሚመጣው በስተመጨረሻ ነው። በመሆኑም እንቅስቃሴውን በዓይን የሚያየው ኢኮ፣ ከኢ.ሲ.ጂ ብቻ ይልቅ ቀድሞ ይይዛል። ለሴቶችም ጠቃሚ ነው፤ ምክንያቱም በሴቶች ላይ የመሮጫ ማሽን ኢ.ሲ.ጂ ብቻውን ሲሠራ ሕመም ሳይኖር አለ የማለት ዕድሉ ይበዛል።

ውጤቱ እንዲህ ይነበባል። በዕረፍትም በሥራም ደህና የሚንቀሳቀስ ቦታ ጤነኛ ነው። በዕረፍት ደህና ሆኖ በሥራ ጊዜ የሚሰንፍ ቦታ ደም እያጠረው ነው። በዕረፍት ሰንፎ በጥቂት መድኃኒት የሚነቃ ቦታ ያንቀላፋ እንጂ ያልሞተ ጡንቻ ነው፤ የተዘጋው ሥር ቢከፈትለት ሊያገግም ይችላል። በሁለቱም ጊዜ የማይንቀሳቀስ ቦታ ግን ብዙውን ጊዜ ጠባሳ ነው።

2. የግራ ልብ በር መጥበብ፦ ይህ በር ጤነኛ ሲሆን ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። 1.5 እና ከዚያ በታች ሲደርስ ከባድ ይባላል። ደም በዚህ በር የሚያልፈው ልብ በሚያርፍባት በዚያች ቅጽበት ነው። ልብ ሲፈጥን ይህች ቅጽበት ታጥራለች። ደሙ በጠባቡ በር ማለፍ ስለማይችል ወደ ሳንባ ይመለሳል፤ ሕመምተኛዋም ትንፋሽ ያጥራታል። ከዕረፍት ኢኮዋ ይልቅ ስሞታዋ የበረታ፣ ወይም በሩ ጠቦ ሳለ «ምንም አይሰማኝም» የምትል ሴት በእንቅስቃሴ ላይ ኢኮ ቢነሣላት እውነቱ ይታያል። በሥራ ጊዜ በበሩ ላይ ያለው የግፊት ልዩነት ከ15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ፣ የሳንባ ደም ሥር ግፊት ደግሞ ከ60 በላይ ከሆነ ነገሩ በርትቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ እርጉዝ እናቶችን ማስታወስ ይገባል። በእርግዝና ጊዜ የደም መጠን ከ40 እስከ 50 ከመቶ ይጨምራል፤ ልብም ይፈጥናል። እርግዝና ያለ ማሽን የሚደረግ የልብ ፈተና ነው ማለት ይቻላል። ሳትታወቅ የኖረች ጠባብ በር በስድስተኛው ወር ገደማ ልትገለጥ የምትችለው ለዚህ ነው። በሕፃንነቷ የመገጣጠሚያ እብጠትና ትኩሳት የነበራት ወይም ዳገት የሚያስቸግራት ልጃገረድ ከጋብቻ ወይም ከእርግዝና በፊት ኢኮ ብትነሣ፣ ለእርሷም ለሚወለደው ልጅም ትልቅ ጥበቃ ነው።

3. የትልቁ ደም ቧንቧ በር መጥበብ፦ ልብ ሲደክም ደሙን በኃይል መግፋት ስለማይችል፣ በሩ በእርግጥ ጠቦ ይሁን ወይስ ልቡ ስለደከመ በደንብ ሳይከፈት ቀርቶ እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል። ጥቂት ዶቡታሚን ተሰጥቶ ልቡ ሲጠነክር ልዩነቱ ይታያል። ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው ውሳኔ በዚህ ላይ ሊመሠረት ይችላል።

4. የደከመና የሰፋ ልብ፦ ልቡ በሥራ ጊዜ ምን ያህል የተጠባባቂ ኃይል እንደቀረው ይለካል። በዕረፍት ጊዜ አረጫጨቱ ደህና ሆኖ ሳለ በእንቅስቃሴ ብቻ ትንፋሽ የሚያጥራቸው፣ በተለይ የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ያለባቸው አረጋውያንም አሉ። የእነርሱ ልብ ለመላላት ይቸገራል፤ ይህም በሥራ ጊዜ ይታያል።

5. የወፈረ የልብ ጡንቻ፦ ይህ በዘር የሚተላለፍ ሕመም ሲሆን በአገራችን ለሩጫ የሚሰለጥኑ ልጆች ላሏቸው ወላጆች ማወቁ ይጠቅማል። የሯጭ ልብ በልምምድ ይሰፋል፤ ግድግዳውም በመጠኑ ይወፍራል። ሆኖም ከ13 ሚሊ ሜትር ማለፉ ብርቅ ነው። 15 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ሕመሙ ይጠረጠራል። በዚህ ሕመም ደም ከልብ የሚወጣበት መንገድ በዕረፍት ክፍት ሆኖ በሩጫ ጊዜ ሊዘጋ ስለሚችል፣ ምርመራው በዶቡታሚን ሳይሆን በእንቅስቃሴ ይደረጋል። በቤተሰቡ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ያለበት ልጅ ወይም እየሮጠ ራሱን የሳተ ልጅ ሳይመረመር ወደ ልምምድ መመለስ የለበትም።

በእኛ ሀገር ቅድሚያ የሚሰጠው ምንድን ነው?

ውድ አንባቢያን! ይህን ያህል ስለ ስትረስ ኢኮ ስንናገር ሰው ሁሉ ይመርመር ማለታችን አይደለም። ለብዙዎቻችን መጀመሪያ የሚያስፈልገው ተራው ኢኮ ነው። በሀገራችን ብዙ ሕፃናትንና ወጣቶችን የሚጎዳው ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚጀምረው በጊዜው ካልታከመ የጉሮሮ ቁስለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት በጅማ ምንም ስሞታ የሌላቸው ተማሪዎች በኢኮ ሲታዩ፣ ከ1000 መካከል 30 ያህሉ ላይ የዚህ ሕመም ምልክት ተገኝቷል።

ይህ ሕመም ቀድሞ ከተያዘ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ በሚሰጥ የቤንዛታይን ፔንሲሊን መርፌ እንዳይባባስ ማድረግ ይቻላል። መርፌው ለዓመታት የሚቀጥል ነው፤ «ልጄ ደህና ሆነልኝ» ተብሎ የሚቋረጥ አይደለም። በሩ አንዴ ከተበላሸ ግን የሚቀረው ከባድ ሕክምና ነው። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው የልብ ማዕከል፣ ዶ/ር በላይ አበጋዝ በ1989 በመሠረቱት የኢትዮጵያ ልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማኅበር የረጅም ጊዜ ጥረት የተገኘ ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ሕፃናት ለቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ ሀገር ይላኩ ነበር። ዛሬም ቢሆን ተራ ጠባቂው ብዙ ነው፤ በጊዜ የተሰጠ መርፌ ግን ተራ አያስጠብቅም።

ስለዚህ በአሰላና በአካባቢዋ ያለ ሰው ምልክት ሲያይ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን መልካም ነው። መጀመሪያ በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የደም ማነስና የኢ.ሲ.ጂ ምርመራ ያድርግ። ቀጥሎ ሐኪሙ ሲያዝ ተራውን ኢኮ ይነሣ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥያቄው ካልተመለሰ፣ ማለትም በሥራ ጊዜ የሚመጣው ስሞታ ምክንያቱ ካልታወቀ፣ ስትረስ ኢኮ ያስፈልገኝ እንደሆነ ብሎ ይጠይቅ። ምርመራው የሠለጠነ የልብ ሐኪምና የድንገተኛ ሕክምና ዝግጅት የሚጠይቅ በመሆኑ የሚሰጠው በትልልቅ ማዕከላት ነው። ከአሰላ አዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ከመጓዝ በፊት «የምርመራው ውጤት ሕክምናዬን ምን ይለውጠዋል?» ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ ድካምና ገንዘብ ይቆጥባል።

ከምርመራው በፊት የሚደረግ ጥንቃቄ

እንደ መድኃኒት ባለሙያ ከሁሉ በላይ ላሳስባችሁ የምፈልገው ይህን ክፍል ነው።

• የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ አይቶ ይወስናል።
• ፕሮፕራኖሎል፣ አቴኖሎልና ሜቶፕሮሎል የልብን ምት ስለሚያዘገዩ ምርመራውን ሊያበላሹ ይችላሉ። ሐኪሙ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በፊት እንዲቆሙ ሊያዝ ይችላል። ነገር ግን በራሳችሁ ፈቃድ ፈጽሞ አታቁሙ። በድንገት ሲቋረጡ የደረት ሕመምንና የልብ አደጋን ሊያስከትሉ ይችላሉ።
• ቢያንስ ከ3 እስከ 4 ሰዓት በፊት ምግብ አትብሉ። በቅቤ የራሰ ገንፎ ወይም ጩኮ በልቶ መሮጫ ማሽን ላይ መውጣት ያስቸግራል። ጥቂት ውሃ አይከለከልም።
• ምርመራው በዲፒሪዳሞል ከሆነ ቡና፣ ሻይና ኮካ ከ12 እስከ 24 ሰዓት መተው አለባቸው፤ በውስጣቸው ያለው ካፌይን የመድኃኒቱን ሥራ ይሽረዋል። አቦል ብቻ ልጠጣ፣ ቶናና በረካውን ልተው ማለት አያዋጣም። ለአስም የሚሰጠው ቲኦፊሊንም እንደዚሁ ነው፤ ለሐኪሙ ንገሩ።
• ጫት የልብን ምትና የደም ግፊትን ይጨምራል፤ ሲጋራም እንዲሁ። የሚጠቀም ሰው አስቀድሞ ይተው፤ አፍሮም ከሐኪሙ አይደብቅ።
• ኢንሱሊን ወይም የስኳር እንክብል የሚወስድ ሰው ሳይበላ ከወሰደ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ስለሚችል፣ የዚያን ዕለት መጠኑን አስቀድሞ ይጠይቅ።

እኅቶች በብዛት የሚጠይቁት የአለባበስ ጉዳይም አለ። ምርመራው ደረትን መግለጥ ስለሚጠይቅ፣ ቀጠሮ ሲያዝ ሴት ባለሙያ እንድትመደብ መጠየቅ ወይም ቤተሰብ አብሮ እንዲገባ ማስፈቀድ ይቻላል። ከፊት የሚከፈት ልብስ፣ ከሥር ሰፊ ሱሪና የማያንሸራትት ጫማ ይመረጣል። ሂጃብ ማውለቅ አያስፈልግም፤ ጫፉ ግን መታሰር አለበት። ረጅም ጅልባብ በመሮጫ ማሽን ላይ ሊጠልፍ ይችላል።

የረመዳንን ወር በተመለከተ፣ ምርመራው አስቸኳይ ካልሆነ ከረመዳን በፊት ወይም በኋላ ቢያዝ ይሻላል። ውሃ ያልጠጣ ሰው በምርመራው ጊዜ ሊያዞረው ይችላል። አስቸኳይ ከሆነ ግን በጾም ምክንያት አይዘግይ፤ የጾሙን ድንጋጌ ከዓሊም፣ የሕመሙን ክብደት ከሐኪም ጠይቆ መወሰን ነው።

ለማን አይደረግም? አደጋስ አለው?

በጥንቃቄ ሲደረግ ከባድ አደጋ የሚደርሰው አልፎ አልፎ ነው። በዶቡታሚን ጊዜ የልብ መምታት፣ መንቀጥቀጥና የራስ ምታት ሊሰማ ይችላል፤ ብዙም ሳይቆይ ያልፋል። ሆኖም በቅርብ ቀናት የልብ አደጋ ለደረሰበት፣ በዕረፍት ጊዜ ጭምር ደረቱን ለሚያመው፣ የደም ግፊቱ እጅግ ከፍ ላለ፣ ሳንባው ውሃ ለቋጠረ፣ እንዲሁም የትልቁ ደም ቧንቧ በር በጣም ጠቦበት ስሞታ ላለበት ሰው አይደረግም። ስለዚህ ያለሐኪም ትእዛዝ «ዳገት ሮጬ ልቤን ልፈትሽ» ማለት እጅግ አደገኛ ነው።

ምርመራው ፍጹም አለመሆኑንም ማወቅ ይገባል። የልብ ደም ሥሩ ከጠበበ 100 ሰው መካከል ከ80 እስከ 85 የሚሆኑትን ያገኛል፤ የቀሩት ሊያመልጡት ይችላሉ። ውጤቱ ደህና ሆኖ ስሞታው ከቀጠለ ተመልሶ ለሐኪም መናገር ያስፈልጋል። ደህና መባሉም ጨው መቀነስን፣ ሲጋራ መተውንና የግፊት መድኃኒትን በሰዓቱ መውሰድን አያስቀርም። በአመጋገብ በኩል የአገራችን ገብስ ኮሌስትሮልን ለመቀነስ የሚረዳ መልካም እህል ነው፤ ችግሩ የሚመጣው በላዩ ላይ ከሚፈስሰው ቅቤ ነው።

በመጨረሻም አንድ ማሳሰቢያ አለን። በዕረፍት ላይ ሳላችሁ የጀመረ፣ ከ15 ደቂቃ በላይ የቆየ፣ ማላብና የትንፋሽ ማጠር ያለበት የደረት ሕመም ቀጠሮም ሆነ ስትረስ ኢኮ የሚጠበቅበት አይደለም። ቀንም ይሁን ሌሊት ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። ከዚያ ባነሰ ሁኔታ ግን ሐኪም ፊት ስትቀርቡ «ደረቴን ያመኛል» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። «ምን ስሠራ ያመኛል? ስንት እርምጃ ስሄድ? ስቆም ይተወኛል ወይ?» የሚለውን አክላችሁ ንገሩ። ሐኪሙ ልባችሁን ተኝታችሁ ሳለ ብቻ ሳይሆን ሥራ ላይ ሳለ ማየት እንዳለበት የሚያውቀው ከዚህ ነው።

አላህ ለታመሙት ሽፋውን፣ ለጤነኞቻችን ጥበቃውን ይስጠን። አሚን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።